የሳህኑ ስፋት

የመረብ ዓይን የሚለካው ተወጥሮ ነው። ሁለቱን ተቃራኒ ቋጠሮዎች ይዞ መሳብ፣ አራት ማዕዘን የነበረው ዓይን ተጣጥፎ አንድ መስመር እስኪሆን መጠበቅ፣ ከዚያ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ማንበብ። አንድ ዓይን ለክቶ መነሣት ግን ሥራ አይደለም። ውኃ የጠጣ መረብ ከደረቀው ይለያል፤ ብዙ ያገለገለው ከአዲሱ ይለያል፤ የተጠገነው ደግሞ እንደ ጠጋኙ እጅ ነው። እኔ ከአንድ መረብ ሃያ ዓይን እለካለሁ፤ ከላይም፣ ከታችም፣ ከመሀልም። አስጋሪዎቹ በዚህ ይስቁብኛል። «ጥልፍ ልትማሪ ነው?» ይሉኛል።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሥራ ስጀምር ጠቡ ሁሉ ከቁጥር እንደሚነሣ አላውቅም ነበር። አንድ መረብ ሁለት ቁጥር አለው፤ ተወጥሮ ሲለካ አንድ፣ ጎኑ ብቻ ሲለካ ሌላ። ጎኑ የተወጠረው ግማሽ ነው። ሻጭ «አራት ሴንቲ ሜትር» ሲል ተቆጣጣሪ «ስምንት» ቢል፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ መረብ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን አንድ ወጣት «ስምንት ነው» ተብሎ የተሸጠለትን ይዞ መጣ። ስወጥረው ስድስት ተኩል። «ጉልበት ስለሌለሽ ነው» አለኝ። ማስመሪያውን ሰጠሁትና ክሩ ሊበጠስ እስኪደርስ ራሱ ወጠረው። ከስድስት ተኩል ጥቂት አለፍ አለ። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም። መረቡን ሲጠቀልል ሳየው ያወጣውን ብር ሳይሆን ያለበትን ዕዳ የሚያሰላ ይመስል ነበር። እንዲህ ያለውን ጠባብ መረብ መመሪያው «ውረሺ» ይላል። አልወረስኩም። ይህን የምጽፈው ልክ ነበርኩ ለማለት አይደለም፤ ያ መረብ ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት ውኃ ውስጥ እንዳደረ አሁንም አንዳንዴ አስባለሁ።

የሚተከል መረብ አያሳድድም፤ ቆሞ ይጠብቃል። ትንሹ ዓሣ ሾልኮት ያልፋል፣ ትልቁ ገጭቶት ይመለሳል፣ ልኩ የሆነው ብቻ ጭንቅላቱን አስገብቶ ስንጥቡ ላይ ይያዛል። ሰው ከሐይቁ ምን የሚያህል ዓሣ እንደሚፈልግ የሚናገረው በዚያች ቀዳዳ ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ንግግር እኔ አላውቅም፤ ስብሰባ ላይ የምንለው ሌላ ነው።

ሐይቁ ሰፊ አይደለም። 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ጥልቁ ቦታም ከ20 ሜትር ብዙ አይዘልም። ከጥቁር ውኃ ወንዝ ይቀበላል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ከከተማው ጎርፍ ጀምሮ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ለገበያ የሚወጡት ሦስት ዓይነት ዓሦች ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ። መጽሐፍ ቲላፒያ የሚለው ቆሮሶ ከሁሉም በላይ ነው፤ አሞራ ገደል ገበያ ላይ የሚጠበሰው፣ በአዋዜ በጥሬው የሚበላው፣ ሾርባ የሚሆነው በአብዛኛው እሱ ነው። የእኔም ሐሳብ በአብዛኛው እሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፍኩት አሞራ ገደል ላይ በአንዲት የመለኪያ ሰሌዳ ነው። ዓሣው ሰሌዳው ላይ በጎኑ ይጋደማል፣ አፉ ከጫፉ ግድግዳ ይገጠማል፣ ጅራቱ የደረሰበት ይመዘገባል። ከዚያ ሚዛን። ጠዋት ጠዋት፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ በዙሪያዬ ቆመው አንጀት ሲጠብቁ፣ እኔ ሴንቲ ሜትር እጽፍ ነበር። ቁጥሮቼ ያማሩ ነበሩ። ዓሣው ደህና ነው፣ አማካይ ርዝመቱ አልቀነሰም፣ እያልኩ ሪፖርት ላክሁ። አንድ ጠዋት ግን ዕድሜውን ውኃ ላይ የጨረሱ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ አጠገቤ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ይኼ እኮ የምንሸጠው ነው» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ እሱን ነው የምለካው።»

«የምናሰግረውን ማየት ከፈለግሽ ከእኛ ጋር ግቢ።»

ገባሁ። መረቡ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተተከለ፤ ሲነጋጋ ተነሣ። ታንኳዋ ዳር ሳትደርስ ዓሣው አምስት ቦታ ተከፍሎ ነበር። ትልልቁ ከላይ፣ ለገበያ። መካከለኛው ከሥር። እፍኝ የማይሞላው ለቀዛፊው ድርሻ፤ ጥቂቱ ለቤት፤ ሌላው ለአምባዛ መንጠቆ ማጥመጃ። ሰሌዳዬ ላይ የሚደርሰው የመጀመሪያው ክፍልና የሁለተኛው ጥቂቱ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የለካሁት ገበያውን እንጂ ሐይቁን አልነበረም። ማንም አላታለለኝም። የት መቆም እንዳለብኝ አላወቅሁም ነበር፤ በቃ።

የዚያን ዕለት ሌላም ነገር አየሁ። ጋሼ አንዲት ሴት ቆሮሶ ከመረቡ ሲያላቅቁ አፏ ተከፈተና ቢጫ ፍሬ የታንኳዋ ወለል ላይ ፈሰሰ። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ እንደምትታቀፍ ተምሬያለሁ፤ ፈተናም ጽፌበታለሁ። ወንዱ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ አሸዋውን እንደ ሳህን አጎድጉዶ ይጠብቃታል፤ እሷ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ለቅማ ይዛ ትሄዳለች፤ እስኪፈለፈል፣ ጫጩቶቹም ዋና እስኪችሉ ድረስ እህል የሚባል አትቀምስም ማለት ይቻላል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሆኖም እግሬ ሥር ፈስሶ ሳየው ደነገጥኩና በእፍኜ እየዛቅሁ ወደ ውኃው መመለስ ጀመርኩ። ጋሼ ሳቁ። «እናቱ ከሌለች ለማን ትመልሺዋለሽ?» እውነታቸውን ነው። ያለ እሷ አፍ ያ ፍሬ የትናንሽ ዓሦች ቁርስ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ትንሿም እንቁላል ይዛለች፣ ስለዚህ ደርሳለች፣ ብትያዝ ግድ የለም» የሚል ክርክር በየጊዜው እሰማለሁ። ቆሮሶ ግን ማስገሩ ሲበዛበት አጭር ሆኖ መውለድ ይጀምራል። ትልቅ የሚሆንበት ዕድሜ ካልተሰጠው በትንሽነቱ ይቸኩላል። መዳፍ የምታህል ዓሣ እንቁላል ይዛ መገኘቷ ለእኔ የደስታ ዜና አይደለም፤ ሐይቁ እንደተቸገረ የሚናገር ነው።

ዕድሜን ማወቅ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል፤ እኔ ከአናቱ የማወጣው ግን ዕድሜውን ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ፣ ከአንጎሉ ሥር፣ የጆሮ ድንጋይ የምንላት ነጭ ጠጠር አለች። እንደ ዛፍ ግንድ ክብ ክብ መስመር ታወጣለች። በረዶ ባለበት አገር ብዙውን ጊዜ አንድ መስመር አንድ ዓመት ነው። የሐዋሳ ቆሮሶ ግን በዓመት ሁለት ያወጣል፤ ተመራማሪው ደመቀ አድማሱ ከባልደረባቸው ጋር በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የሚነበበው ለዚህ ነው። ይህን ሳያውቅ የቆጠረ ሰው የሁለት ዓመቱን ዓሣ አራት ዓመቱ ነው ይላል፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ያደርገዋል፣ ሒሳቡ ሁሉ ከዚያ ይጣመማል። በአጉሊ መነጽር ሥር ያቺን ጠጠር እያየሁ ያመሸሁባቸው ምሽቶች በሥራዬ ውስጥ ጸጥታ ያለባቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ይራባል፤ ሁለት ጊዜ ግን ይበረታል። አንዱ ከጥር እስከ መጋቢት ገደማ፣ ሌላው በክረምቱና በመስከረም መግቢያ። አሁን የመጀመሪያውን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ላስተያየው። የካቲትና መጋቢት ማለት ሁዳዴ ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው፤ ገበያው ግን ከወሰነ ቆይቷል። ሥጋና ወተት ሲከለከል ከአዲስ አበባ ሳይቀር በረዶ የጫነ መኪና ይመጣል፣ የኪሎው ዋጋ ይወጣል፣ መረብ ያልነበረውም ተበድሮ ይገዛል። ሴቷ አፏን ሞልታ በምትዋኝበት ወር ሰው ሁሉ ዓሣ ይፈልጋል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ጀምሮ የተቀመጥኩበት ስብሰባ ሁሉ «የመራቢያ ወቅት ይዘጋ» በሚል ያልቃል። ወረቀት ላይ ትክክል ነው። አስጋሪ ግን የዓመት ልብሱን፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመረቡን ዕዳ የሚሸፍነው በዚያው ወር ነው። በሁዳዴ ሐይቅ መዝጋት በጥቅምት ማሳ እንደ መዝጋት ነው። የሚከበር ሕግ አይሆንም፤ ሌሊቱን ያረዝመዋል እንጂ። የእኔ አቋም፣ ባልደረቦቼም ይጣሉኛል፣ ከወር ይልቅ ቦታ ይዘጋ ነው። ፊላው ያለበት፣ ወንዱ አሸዋውን የሚያጎደጉድበት፣ ሕፃን ቆሞ ሊሻገረው የሚችል ዳርቻ። እሱ ዓመቱን ሙሉ ይተው፤ ሌላው ይሠራበት።

ይህን ያስተማረኝ ደግሞ ጥበቃ ሳይሆን አጥር ነው። ከሐይቁ ዳር አንዳንዱን የያዙት ሎጅና መዝናኛ ቤቶች ናቸው። ሕዝቡ «ውኃችንን አጠሩብን» ብሎ ያማርራል፣ በብዙው ትክክል ነው። ሆኖም ዘበኛው መረብ ስለማያስጠጋ፣ ፊላው ባልተነካበት አጥር ፊት ለፊት የትንንሽ ዓሣ መንጋ ሲርመሰመስ አይቻለሁ። ማንም ሳያስበው የተከለለ ማሳደጊያ። ፊላውን «እንግዳው ውኃ ይታየው» ብለው ያጨዱት ፊት ለፊት ግን ባዶ ነው። ሁለቱ ግቢዎች በእግር አምስት ደቂቃ አይራራቁም።

ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሐይቅ ነው። ፍቅር ሐይቅ ላይ ሙሽራ ፎቶ ይነሣል፣ የሞተር ጀልባ ጉማሬ ለማየት የሚፈልገውን ይጭናል፣ ልጆች በሸምበቆ ጫፍ ክር አስረው ዳር ይደረደራሉ። መንጠቆ የጀመርኩት እኔም እዚያው ነው። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው፤ ትልቅ መንጠቆ ይዞ የመጣ የአዲስ አበባ እንግዳ ቀኑን ሙሉ ሊጥ ሲያበላ ይውላል። ቆሮሶ አይነጥቅም፤ ይቀምሳል። ተንሳፋፊው አንዴ ሲነቀነቅ የሚስብ ባዶ ያወጣል፤ ሁለተኛ ነቅነቅ ብሎ በጎኑ መሄድ ሲጀምር ነው እጅን ማንሣት። አምባዛ ግን ሌላ ነው። ማታ፣ ከሥር፣ በወፍራም ክር፣ ያገኘውን ይዞ ይጎትታል። ዓሣ ይዞ ፎቶ ተነሥቶ የሚመልስ እንግዳ ሳገኝ አንድ ነገር እለምነዋለሁ፦ እጅዎን ያርጥቡ። ደረቅ እጅ ላዩ ላይ ያለውን ልግ ይገፈዋል፤ ዓሣው እየዋኘ ሄደ ማለት ተረፈ ማለት አይደለም።

የምሞላው ቅጽ የታንኳ፣ የመረብና የሰዓት ዓምድ ነበረው፤ ሸምበቆ ለያዘ ልጅ ግን ዓምድ አልነበረውም። ኅዳጉ ላይ እጽፋቸዋለሁ። ሐይቁን የሚጎዱት እነሱ ናቸው ብዬ አይደለም፤ ከአንድ ጠባብ መረብ የአንድ ሌሊት ሥራ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግን የሚቆሙበት ቦታ ያ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነውና መቁጠሩ አይከፋም።

መረቡን ማን እንዳጠበበው ለዓመታት ሳስብ አስጋሪውን፣ ሻጩን፣ ተቆጣጣሪውን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ከዚያ አንድ የምግብ ቤት ገዢ ከጋሼ ጋር ሲነጋገር ሰማሁ። «ትልቁን አልፈልግም» ይላል። «ከሳህን ይወጣብኛል። አንድ ሰው አንድ ሙሉ ዓሣ ነው የሚያዘው።» ገባኝ። ትልቅ ቆሮሶ ለፊሌቶ ይሆናል፤ ግን ከክብደቱ ንጹሕ ሥጋ ሆኖ የሚወጣው ሲሶ ገደማ ነው፣ ልፋትም አለው። ትንሹን መጥበስ ይቀላል፤ ጭንቅላቱም ጅራቱም ሳህን ላይ ይቆጠራል፤ እንግዳው ሙሉ ዓሣ በላሁ ይላል። ሳህኑ ልክ ያወጣል፣ ገዢው ልኩን ይዞ ዳር ይወርዳል፣ አስጋሪው ያንኑ ልክ ይዞ መረብ ሻጭ ዘንድ ይሄዳል። እኔ ማስመሪያዬን ይዤ የምደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው።

ባለፈው ሁዳዴ አንድ ዓርብ ውኃው ዳር ካሉት ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ዓሣ ጥብስ አዘዝኩ። ሲመጣ ልማድ ሆነብኝና ከቦርሳዬ ሜትር አወጣሁ። ሳህኑ ሃያ ስድስት ሴንቲ ሜትር፤ ዓሣው፣ መጥበሻ ያሳጠረውን ጨምሬ ብገምት እንኳ፣ ከአሥራ ሰባት አይበልጥም። ሁለት ነበሩ፤ ጎን ለጎን፣ ሳህኑ እንዳይጎድል። አስተናጋጁ ሜትሩን አይቶ ደነገጠ።

«ችግር አለው? ልቀይርልዎት?»

ወደ ሐይቁ ተመለከትኩ። አንዲት ታንኳ ማታ መረብ ልትተክል እየወጣች ነበር።

«የለም፣ ይሁን። አዋዜ ብቻ ጨምርልኝ» አልኩት። ሁለቱንም በላሁ።