የአፍጋኒስታን ስጋጃና የተክል ቀለም

በአፍጋኒስታን ሰሜናዊ ክፍል፥ በአንድኾይና በአቅቻ አካባቢ፥ የቱርክመን ሴቶች በእጃቸው የሚሠሩትን የሱፍ ስጋጃ ለተመለከተ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዐይኑን የሚይዘው ጠቆር ያለው ቀይ መደብ ነው። በዚህ መደብ ላይ ጉል የተባለው ባለ ስምንት ማዕዘን ጌጥ በየረድፉ ይደረደራል። ስለዚህ የእኛም ፍርድ ከቀለሙ ይጀምራል።

ቀዩ የሚገኘው ሩቢያ ከተባለው ተክል ሥር ሲሆን፥ ሥሩ ደርቆ ይወቀጣል። ሱፉም አስቀድሞ በሸብ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ቀለሙን ከሱፉ ጋር የሚያጣብቀው ሸቡ ነውና። ሰማያዊው ከኢንዲጎ፥ ቢጫውና ቡናማው ከሮማን ልጣጭና ከዋልነት ፍሬ ሽፋን ይወጣል። በእጅ የተፈተለ ክር አንዱ ወፍራም፥ ሌላው ቀጭን ስለሆነ ቀለሙን እኩል አይጠጣም፤ የዛሬው ንክርም ከትናንቱ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ከዚህ የተነሣ ቀዩ በአንዱ ስጋጃ ላይ ደመቅ፥ ፈዘዝ እያለ ይሄዳል። የስጋጃ ዐዋቂዎች ይህን አብራሽ ይሉታል።

አብራሽን እንደ ጉድለት የሚቈጥሩ ገዢዎች አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። መደቡ አንድ ወጥ ቢሆን ኖሮ የጉሉ መደጋገም ዐይንን ባሰለቸ ነበር፤ ለድግግሞሹ ሕይወት የሚሰጠው የቀለሙ መለዋወጥ ነው።

ነገር ግን ምስጋናችን ወደ ሌላ ስሕተት እንዳይወስደን ያስፈልጋል። ፐርኪን የተባለው እንግሊዛዊ በ1856 እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ በኋላ የወጡት የመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ቀለሞች በፀሐይ የሚነጡ፥ በውሃ የሚለቁ ነበሩ። በ1868 እ.ኤ.አ. ግን ሁለት የጀርመን ኬሚስቶች የሥሩን ዋና ቀይ፥ አሊዛሪንን፥ በላቦራቶሪ ሠሩት። የተክሉ ሥር ከአሊዛሪን ሌላ ፑርፑሪንን የመሰሉ ቀለሞች ስላሉት ቀዩ የራሱ ጥልቀት አለው። ሆኖም «የተክል ቀለም ነው» ማለት ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ በጥድፊያ የተቋጠረና ጌጡ የተዛባ ስጋጃ በቀለሙ ምክንያት አይድንም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ አዲሱን ስጋጃ በኬሚካል አጥቦ ያረጀ ማስመሰል ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት ብዙ ቀይ የአፍጋን ስጋጃ እንዲህ እየታጠበ፥ ወርቃማ እየተባለ ለውጭ ገበያ ቀርቧል። አጠባው ቀዩን ብቻ ሳይሆን የሱፉንም ወዝና ጥንካሬ ይወስዳል።

እንግዲህ መርማሪ ሰው የሻጩን ቃል ትቶ ስጋጃውን ይገልብጥ፥ ቋጠሮውን ይይ፥ ቀለሙን በብርሃን ይመርምር። የሠሪዎቹ ስም በስጋጃው ላይ አይጻፍም፤ ከፈታይዋ፥ ከነካሪውና ከቋጣሪዋ እጅ የሚቀረን ምልክት ያ እኩል ያልሆነ ቀይ ነው። ይህን ጉድለት ብለን ዋጋ ስንቀንስ፥ የምንቀንሰው ከእነርሱ ድካም መሆኑን አንዘንጋ።