ስለ ተማሪዎች ውድድርና ስለ ዳኝነቱ

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል የኖረው አነጋገር መልካም ነው። በዚያች ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ ሎሌው የመታው ሩር የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው እንኳ ቂም አይያዝበትም። ነገር ግን ይህን ቃል አጣመው የሚተረጕሙት አሉ። ጨዋታ ከሆነ ሕግ ምን ያደርግለታል? ቢጣስስ ማን ይጐዳል? ስለ ኳስ የሚከራከር ሰው ሥራ የፈታ ነው፥ ይላሉ። የቃሉ ምሥጢር ግን ይህ አይደለም። ጌታው የማይቈጣው፥ ወደ ሜዳው ሲገባ ጌትነቱን ከዳር ትቶ ከሎሌው ጋራ በአንድ ሕግ ለማደር ስለ ተስማማ ነው። እንግዲህ ጨዋታ ሕግ የሌለበት ስፍራ ሳይሆን፥ ትልቁም ትንሹም እኩል በሕግ የሚያድርበት ስፍራ ነው።

ይህን ያስቀደምሁት በመቱና በሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር ስለሚመራበት ልማድ ጥቂት ነቀፋ ለማቅረብ ነው። የውድድሩ መሰላል የታወቀ ነው፤ ክፍል ከክፍል ይጋጠማል፥ ቀጥሎ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት፥ ከዚያም ወረዳው ለዞን፥ ዞኑ ለክልል ተወዳዳሪዎቹን ይልካል። መሰላሉ መልካም ነው። ጐደሎው የሚታየው በታችኛው ደረጃ፥ አንዱ ከተማ ሌላውን ጋብዞ በሚጫወትበት ጊዜ ነው። መቱና ጎሬ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጎሬ የጥንቱ የጠቅላይ ግዛት መቀመጫ፥ መቱ ደግሞ የዛሬው የዞን መቀመጫ ናቸውና ልጆቻቸው ሲጋጠሙ የሚፈላውን ስሜት ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ሁሩሙ፥ ወደ ያዮ፥ ወደ ቡሬም ቢሄዱ እንዲሁ ነው። ስሜቱ አይነቀፍም፤ ከተማውን የማይወድ ልጅ ሌላ ምን ሊወድ ይችላል? ነገር ግን ፍቅር ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ዓይኑ ይታወራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በየካቲት ወር ከኢሉባቦር ከተሞች በአንደኛው ሜዳ ዳር ቆሜ አንድ ግጥሚያ አየሁ። የከተማውንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠራም፤ የተነሣሁት ልማድን ለመንቀፍ እንጂ ሰውን ለማሳፈር አይደለምና። የባለ ሜዳው ቡድን ሲሰለፍ በመካከሉ ጢሙን የተላጨ፥ ትከሻው የሰፋ አንድ ጐልማሳ ታየ። አጠገቤ የቆሙትን የዚያው ትምህርት ቤት ልጆች «ይህ ስንተኛ ክፍል ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርስ በርሳቸው ተያይተው ሣቁ። አንዱም «በኳስ ቀን ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነው» አለኝ። ጐልማሳው ሁለት ግብ አገባ፤ ሕዝቡም ጨፈረ።

የእንግዳው ቡድን አምበል የተገቢነት ክስ አስያዘ። ለክሱ ማስያዣ ገንዘብ ይጠየቅ ስለ ነበረ ልጆቹ ለምሳ ከያዙት ላይ አዋጥተው ከፈሉ። ክሱን ለመስማት የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ሁሉም የጋባዡ ትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ፤ እንዲያውም አንዱ የቡድኑ መሪ ነበረ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ተነጋግረው «ክሱ ውድቅ ነው» አሉ። ምክንያቱ አልተነገረም፤ መዝገብ አልቀረበም፤ የተጻፈ ወረቀት አልተሰጠም፤ የማስያዣውም ገንዘብ አልተመለሰም። ልጆቹም ምሳ ሳይበሉ በአይሱዙ ላይ ተጭነው አቧራ እየጠጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ በዚያች ቀን የተበደለው ማን ነው? የእንግዳው ቡድን ነው ትል ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ከባለ ሜዳው ወገን ማሊያውን ለብሶ ከዳር የተቀመጠ አንድ ልጅ አየሁ። የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፥ መልሶም ያስራል። ጐልማሳው የቆመበት ቦታ የእርሱ ነበረ። ዓመቱን ሁሉ ከትምህርት በኋላ ሲለማመድ ከርሞ፥ በግጥሚያው ቀን ማንም በልምምድ አይቶት ለማያውቅ ሰው ቦታውን ለቀቀ። ስለዚህ በማጭበርበር የሚሰለፍ ተጨዋች አስቀድሞ የሚሰርቀው ከራሱ ወገን ነው። ባለጋራው የሚያጣው አንድ ጨዋታ ነው፤ ያ ልጅ ግን ድካም ዋጋ አለው የሚለውን እምነት ያጣል።

ጕዳቱም በዚህ አላበቃም። በሚከተለው ዓመት የተበደለው ትምህርት ቤት በተራው ጋባዥ ሆነ፤ እርሱም ሁለት ጐልማሶች አምጥቶ አሰለፈ። የአምናውን አምበል አግኝቼ ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ብጠይቀው «ጋሼ፥ ሕጉ ይህ መሆኑን አምና ተማርን እኮ» አለኝ። መልሱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጁ ባለጌ አልነበረም፤ ትጉህ ተማሪ ነበረ። ትልልቆቹ ያስተማሩትን ትምህርት በትክክል ተቀብሎ ነበር። በክፍል ውስጥ ስለ ፍትሕ የሚሰጠው ትምህርት በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ነው፤ በሜዳ ላይ የሚሰጠው ግን በብዙ ሕዝብ ፊት፥ በጭብጨባና በእልልታ ታጅቦ ነው። ከሁለቱ የትኛው በልብ እንደሚቀር ለማወቅ ጠቢብ መሆን አያስፈልግም።

እነዚያ ሦስት መምህራን በሌላው ሥራቸው የተመሰገኑ ሰዎች ነበሩ። ጐደሎው የደግ ሰው ማጣት ሳይሆን የሥርዓት ማጣት ነው። ተከሳሽና ዳኛ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ የተከሳሹ ጠባይ ምንም ያህል መልካም ቢሆን ፍርዱ አይታመንም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጨዋታ ጠባቂ ባልነበረው ጊዜ፥ ተማሪ ያልሆኑ ጐልማሶች የትምህርት ቤት ማሊያ ለብሰው ይሰለፉ ነበር። መድኃኒት ሆኖ የተገኘው ትምህርት ቤቶቹ በየክፍለ ግዛታቸው ተሰብስበው አንድ የስፖርት ማኅበር ማቆማቸው ነው። የዊስኮንሲን ማኅበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ከቀደሙት አንዱ ሆኖ ተመሠረተ፤ በ1920 ደግሞ ጥቂት ክፍለ ግዛቶች የጀመሩት፥ በኋላም አገር አቀፍ የሆነው ፌዴሬሽን ተቋቋመ። እነዚህ ማኅበራት ማን ሊሰለፍ እንደሚገባው፥ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የተዛወረ ልጅ ከመቼ ጀምሮ ሊጫወት እንደሚችል፥ ክስ ለማን እንደሚቀርብ ዓመቱ ሳይጀመር ይወስናሉ።

ይሁን እንጂ ማኅበር ማቆም ብቻውን አይበቃም፤ ማኅበርም ሊበድል ይችላልና። በቴነሲ ክፍለ ግዛት ብሬንትዉድ አካዳሚ የተባለ ትምህርት ቤት ተጨዋቾችን በደብዳቤ አግባብቷል ተብሎ በማኅበሩ ቢቀጣ ነገሩን እስከ አገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰው። ማኅበሩ የግል ድርጅት ስለ ሆንሁ መንግሥት በሚጠየቅበት ሕግ አልጠየቅም ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001፥ በ5 ድምፅ ለ4፥ አብዛኞቹ አባሎቹ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሆኑበት ማኅበር ሥራው እንደ መንግሥት ሥራ ስለሚቈጠር ለሕገ መንግሥቱ ይገዛል ብሎ ወሰነ። በ2007 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ራሱን መርምሮ ለማኅበሩ ፈረደ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ዳኛ በመመርመሩ ክብሩ አይቀንስም፤ ተመርምሮ ትክክል ሆኖ የተገኘ ፍርድ ከቀድሞው ይልቅ ይጸናልና።

ይህን ለመረዳት ባሕር መሻገር ግን አያስፈልግም። ኢሉባቦር የኦሮሞ ምድር ነው። በገዳ ሥርዓት ሕግ የሚወጣው በጉባኤ ነው፤ ሥልጣን የያዘውም ወገን ስምንት ዓመቱ ሲሞላ ለተከታዩ ያስረክባል። ዩኔስኮም ይህን ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በሌላውም ያገራችን ክፍል መንገደኛው «በሕግ አምላክ» ሲል የሰማ ተጣይ በትሩን ዝቅ ያደርግ ነበር። ሕግን አስቀድሞ ማውጣት፥ ሥልጣንን በጊዜ መወሰን፥ ለሕግ ስም መታዘዝ ከውጭ የምንበደራቸው ነገሮች አይደሉም። ወደ ኳስ ሜዳው ይዘናቸው አለመግባታችን ነው ጥፋቱ።

በስፖርትም ቢሆን ምሳሌ አለን። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ሲመሠረት አባሎቹ ኢትዮጵያ፥ ግብፅ፥ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጨዋቾችን ቀላቅላ ለማሰለፍ ባለመፍቀዷ በካርቱም ከተደረገው ከመጀመሪያው የዋንጫ ውድድር ውጭ ሆነች። አራት አባል ብቻ ያለው ማኅበር አንዱን ሲያጣ ሩቡን ማጣቱ ነው፤ ቢሆንም ዋንጫውን ከማሟላት ሕጉን መጠበቅ ይሻላል ተባለ። ከደቡብ አፍሪካ ጋራ ልትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1954 ዓ.ም.፥ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት ዋንጫውን በአዲስ አበባ አገኘች። እኒህ ሰው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ሕግን አስቀድሞ ሽንፈትን መቀበልም፥ ቈይቶ ማሸነፍም እንደሚቻል ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

አሁን አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። በእኛ አገር የተማሪ ዕድሜ በምን ይለካል? የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በነሐሴ ወር 2008 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ያሉት ልጆች የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። ከብት ሲጠብቅ ቈይቶ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ የገጠር ልጅም አለ። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ለሆኑት የዓለም ዋንጫ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤም አር አይ መሣሪያ ማስመርመር ጀምሯል፤ ይህን ግን ከወረዳ ውድድር ማንም አይጠብቅም። እንግዲህ በጢም ልንፈርድ ነውን?

እዚህ ላይ ራሴንም መንቀፍ ይገባኛል። ያን ጐልማሳ በትከሻውና በጢሙ የፈረድሁበት እኔ ነኝ። ልጆቹ ቢሣቁም ሣቅ ማስረጃ አይደለም። ምናልባት በዕድሜ ዘግይቶ የተመዘገበ፥ የማታ ተማሪ ይሆን ነበር። የክፍሉ መዝገብ ወጥቶ ስሙ፥ የተገኘበትና የቀረበት ቀን፥ የፈተና ውጤቱ ታይቶ ቢሆን ኖሮ፥ ወይ እርሱ ከሐሜት ነጻ ይወጣ ነበር፥ ወይ እንግዶቹ ፍትሕ ያገኙ ነበር። መዝገቡ ባለመከፈቱ ሁለቱም ተበደሉ። መዝገብ የሚያስፈልገው ለከሳሹ ብቻ ሳይሆን በሐሰት ለተጠረጠረውም ነው።

ስለዚህ ነቀፋዬን በምክር ልደምድም። የየከተማው ትምህርት ቤቶች እኩል ድምፅ ያላቸው አባሎች ሆነው አንድ የውድድር ማኅበር ያቁሙ፤ ሹመኞቹም በተወሰነ ጊዜ ይለወጡ። የመቱና የጎሬ ልጆች ሲጋጠሙ ዳኛውም ክስ ሰሚውም ከሦስተኛ ከተማ ይምጣ። የተሰላፊዎች ስም ከግጥሚያው አስቀድሞ ከክፍል መዝገባቸው ጋራ ይላክ፤ መለኪያውም በትክክል እየተማረ ነው ወይ የሚለው ይሁን። ክስ ያስያዘ አምበል መልሱን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያግኝ፤ ካልረካም ይግባኝ የሚልበት ይኑረው፤ ክሱ እውነት ከሆነ ገንዘቡ ይመለስለት። ቅጣቱም ያላጠፉትን ልጆች በፎርፌ ከመቅጣት አልፎ አጭበርባሪውን ያሰለፈውን ትልቅ ሰው ያግኝ።

ጊዜውንም ያገሩን ጠባይ የሚያውቅ ይወስን። በኢሉባቦር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ብዙው ተማሪ ከወላጆቹ ጋራ ቡና ለቀማ ላይ ነው፤ ክረምቱም ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል። በእነዚህ መካከል ያለው የበጋ ጊዜ ጠባብ ነው፤ የመንፈቅ ዓመት ፈተናም አለበት። ቡና የሚለቅመውን ልጅ በግጥሚያው ቀን ቀረህ ብሎ በሌላ ሰው መተካት ሌላው የበደል በር ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ይህ ሁሉ የትልልቆቹ ሥራ ነው፥ እኔ ምን አገባኝ አትበል። ነገ በአንድ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠህ የወንድምህን ማመልከቻ ከማታውቀው ሰው ማመልከቻ ጋራ የምትመረምረው አንተ ነህ። ያን ጊዜ እጅህ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚወሰነው ዛሬ በሜዳ ላይ ነው። ቡድንህ በሐሰት ሲያሸንፍ አታጨብጭብ። ከዳር ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ የሚፈታውንና የሚያስረውን ልጅ ፈልገህ እየው፤ ዋንጫው የተገዛው በእርሱ ድርሻ ነውና።