ያልቆሰለው ጨጓራ

ከቀዶ ሕክምና የሚላክልኝን ጨጓራ ፎርማሊን ሳያጠነክረው ካገኘሁት፣ በመቀስ ከመክፈቴ በፊት በጣቴ እዳስሰዋለሁ። ጤነኛው ልስልስ ነው፤ የውስጥ እጥፋቶቹ ሲስቧቸው ይዘረጋሉ። ቁስለት ካለበት ዓይንም አያጣውም። ካንሰር ያልሆነው ቁስለት ብዙውን ጊዜ በመብሻ የተበሳ ይመስላል፦ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ወለሉ የጠራ፣ እጥፋቶቹም እስከ አፉ የሚደርሱ። የካንሰሩ ጠርዝ ያበጠና ጠጣር፣ ወለሉ የጎደፈ ነው። ግን የጠራ መስሎ ካንሰር ሆኖ የተገኘ ስላየሁ፣ ዓይኔን ብቻ አምኜ አልፈርምም።

ይበልጥ ያስተማረኝ ያልቆሰለው ነው። ገና ተማሪ ሳለሁ አንድ ጨጓራ ከፈትኩ፤ ግድግዳው ደርቆ እንደከረመ ስልቻ ወፍሮ ድርቅ ብሏል፤ ከውስጥ ግን የተቦረቦረ ነገር የለም። «የቆየ ብግነት» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ ወረቀቱን አይተው ዝም አሉ። ስላይዱ ሲደርስ «እስቲ ረጋ ብለህ እየው» አሉኝ። በጠባሳው መሃል አንድ አንድ እያሉ የተበተኑ የካንሰር ሴሎች አሉ፤ ሆዳቸው በንፍጥ ተሞልቶ ኒውክሊየሳቸው ወደ ዳር ተገፍቷል፤ ልክ የማኅተም ቀለበት። እነዚህ ሴሎች እርስ በርስ የሚያያዙበትን ፕሮቲን ስለሚያጡ እጢ አይሠሩም፤ በተናጠል ግድግዳው ውስጥ ይሰርጋሉ። ግድግዳውን የሚያደርቀው በዙሪያቸው የሚበቅለው ጠባሳ ነው። ፊንላንዳዊው ላውረን በ1965 ከእጢ ሠሪው ካንሰር የለየው ይህንን ዓይነት ነው። በኢንዶስኮፒ የሚቆነጠረው ናሙና ከላይኛው ሽፋን ብቻ ከመጣ «ካንሰር የለም» ሊያሰኝ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ማይክሮስኮፕ ብቻ የሚያሳየው ሌላም አለ። አውስትራሊያዊው ፓቶሎጂስት ሮቢን ዋረን በ1979 በጨጓራ ናሙና ላይ የተጠማዘዙ ባክቴሪያዎች አየ። በአሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም በሚባልበት ዘመን ማን ይመነው? ባልደረባው ባሪ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በጊምሳ ቀለም በንፍጡ ውስጥ ተሰልፎ የማየው ያው ኤች ፓይሎሪ ነው።

ሰው «ጨጓራ አለብኝ» ሲል ይገባኛል። ሐኪሙ ግን በመጠየቂያው ወረቀት ላይ «ጨጓራ» ብሎ ብቻ ሲልክልኝ ይቸግረኛል። ኢንዶስኮፒ የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ ከቁስለቱ ጠርዝም ከወለሉም ደጋግማችሁ ቆንጥሩ። ጨጓራው አየር ሲነፋበት አልለጠጥ ካለም ጻፉልኝ፤ እሱን ስላይዱ አይነግረኝም።