«ሁን» ማለት ምን መሆን ነው?

ትውልደ ሩማንያዊው የፈረንሳይ ዳይሬክተር ራዱ ሚሃይሊያኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ፊልም፣ የፈረንሳይኛ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ይሆናል። እንግሊዝኛው «ሂድ»ን አስቀርቶታል፤ ያለ አግባብ። ታሪኩ የሚጀምረው በዚያ ቃል ነውና። በሱዳን የስደተኞች ሰፈር ያለች ክርስቲያን ኢትዮጵያዊት፣ በ1984ቱ ዘመቻ ሙሴ፣ ልጇን ከሞት ለማትረፍ የራሷን ልጅ ከቀበረች የቤተ እስራኤል ሴት ጋር ትልከዋለች። እርሱም በሟቹ ቦታ ገብቶ፣ ሽሎሞ ተብሎ በእስራኤል ያድጋል።

«ሁን» በአማርኛ ብቻውን አይቆምም፤ ሰሚው «ምን ልሁን?» ማለቱ አይቀርም። ፊልሙም የሚያምረው ይህን ሳይመልስ ሲቀር ነው። አዳም ነጭ ነበር ወይስ ጥቁር በሚለው የኦሪት ክርክር፣ ሽሎሞ ከዕብራይስጡ «አደማ» (አፈር) እና «አዶም» (ቀይ) ተነሥቶ ቀይ ነበር ሲል ይረታል። የሰውን መልክ «ቀይ» ብሎ ለሚጠራ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ሙግት እንግዳ አይደለም።

የሚያከራክረው ሌላ ነው። በ1985 የእስራኤል ዋና ረቢዎች ቤተ እስራኤላውያን በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ በመጠየቃቸው፣ ኢየሩሳሌም ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። የሚጠረጠረውን ልጅ በእርግጥም አስመሳይ ማድረግ ለጠርጣሪዎቹ ምክንያት መስጠት አይሆንም? ዳይሬክተሩ ይህን ያሰበበት አይመስልም። ፍጻሜውም፣ ሐኪም ሆኖ እናቱን በስደተኞች ሰፈር ማግኘቱ፣ ከልክ በላይ የተመቻቸ ነው። ቄሱ ለእናቱ የሚጽፉለት ደብዳቤ፣ መድረሱ እንኳ ሳይታወቅ፣ የበለጠ ያስለቅሳል።