ስለ ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ነቀምት መግባትና ስለ ኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ

የወንጌል ሰባኪ ወደ ሞቃት አገር መጀመሪያ የገባበትን ቀን የሚተርኩ መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላል። ሰባኪው ከመርከብ ይወርዳል፤ ፀሐዩ ያቃጥለዋል፤ ሳይሰነብት ንዳድ ይይዘዋል፤ ሕፃናት ከብበው ያዩታል፤ ቋንቋ ስለማያውቅ በእጁ ይጠቅሳል። ጥቂት ገጽ ከተገለጠ በኋላ ግን አገሩ ሁሉ ሲሰማው እናገኛለን። ቋንቋውን መቼና ከማን እንደ ተማረ ደራሲው አይነግረንም። ለእኔ ከንዳዱና ከፀሐዩ ይልቅ ይህ የታለፈው ነገር የታሪኩ ዋና መስሎ ይታየኛል። ስለዚህ ወደ ወለጋ የገቡትን የአንድ ሰባኪ ነገር አንሥቼ፣ አብሮአቸው የገባውንም መጽሐፍ እመረምር ዘንድ አሰብሁ። ዘመኑን ሁሉ የምቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኦነሲሞስ ነሲብ በ1904 ነቀምት ሲገቡ ከላይ እንደ ተባለው አልሆነም። ነቀምት ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በክረምት በባኬ ጃማ የሚያድር ሰው ጋቢ ይሻል እንጂ በሙቀት አይቸገርም። የገቡትም ሰው ፈረንጅ አልነበሩም። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ የተወለዱ፣ በሕፃንነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ የተሸጡ፣ በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጡ ኦሮሞ ነበሩ። የስዊድን ሚስዮን በምንኩሉ አስተማራቸው፤ በ1872 ተጠመቁ፤ ኋላም ወደ ስዊድን ሄደው ዓመታት ተማሩ። በ1881 በሱዳን በኩል ወደ ትውልድ አገራቸው ሊገቡ ተነሥተው መንገዱ ስላልቀናቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ተቀምጠው መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ መለሱ፤ አዲስ ኪዳኑ በ1893 በምንኩሉ፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን የምንለው ከነጻነታቸው ቀን ሠላሳ አራት ዓመት የራቀ ነው።

ቅኔ የተማረ ሰው ስማቸውን ዝም ብሎ አያልፈውም። ሲወለዱ የተሰጣቸው ስም ሂካ ነው፤ ይህም መፍታት ከሚለው የኦሮምኛ ግስ የወጣ ነው። እኛ እስረኛንም ሕልምንም ቅኔንም በአንድ ቃል እንደምንፈታ፣ በኦሮምኛም አንዱ ግስ ቋጠሮ መፍታትንም መተርጐምንም ይይዛል። በጥምቀት ያገኙት ኦነሲሞስ የሚለው ስም ደግሞ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና መልእክት የጻፈለት የባሪያው ስም ነው፤ በጽርእ የሚጠቅም ማለት ነው። ሐዋርያው ይህ ሰው ቀድሞ እንዳልጠቀመ፣ ዛሬ ግን እንደሚጠቅም ሲጽፍ በስሙ መቀኘቱ ነበር። ግእዙና አማርኛው ስሙን እንዳለ ስላስቀሩት ሰሙ ጠፍቶ ወርቁ ብቻ ደረሰን። የታሰረው ተፈታ፤ የተፈታውም ፈታ፤ እንዲህ ያለ ነገር በቅኔ ቤት ቢገኝ መምህሩ «ይበል» ባሉት ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ነቀፋ አለኝ፤ ነቀፋዬም በሰውየው ላይ ሳይሆን በሚያወሱአቸው ላይ ነው። በሕፃንነት ከአፍ የተነጠቀ ቋንቋ በጕልምስና እንዲሁ ተመልሶ አይሞላም። የጐደለውን ከሞሉት ዋነኛዋ ወይዘሮ አስቴር ጋኖ ናቸው። እርሳቸውም ከሊሙ እናርያ በኩል ተማርከው፣ ወደ ዐረብ አገር ሲወሰዱ በ1886 የኢጣልያ መርከብ አስጥሎአቸው ወደ ምንኩሉ የመጡ ናቸው። ቃላቱን ለቅመው ሰበሰቡ፤ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑን ከሚያስታውሱት ጻፉ፤ በ1894 ለጀማሪ ተማሪ የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያም የእርሳቸው እጅ ያለበት ነው። ወደ ነቀምትም አብረው መጥተው አስተማሩ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ መጽሐፉ በተነሣ ጊዜ የሚጠራው የአንድ ሰው ስም ነው። በእኛም ቤት ተማሪው የቈጠረው ቅኔ በመምህሩ ስም መነገሩን አውቃለሁና በሌላው ብቻ አልፈርድም።

ነቀምት በገቡ ጊዜ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ኩምሳ ሞረዳ የተባሉት፣ በደስታ ተቀበሉአቸው። ሕዝቡም የእግዚአብሔርን ቃል እናት ልጅዋን በምታባብልበት ቋንቋ ሰማ። ከእኛ ወገን የነበሩት ካህናት ግን ያን ቋንቋ አያውቁትም ነበር። ብዙ ሳይቈይ ክስ ተነሣ፤ ክሱም ለእመቤታችን የሚገባውን ክብር አቃለሉ የሚል ነው። በ1906 በግንቦት ወር ከአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ አቡኑም ከአገር እንዲወጡ ፈረዱ። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው፣ ወደ ነቀምት ይመለሱ፣ ነገር ግን አይስበኩ አሉ።

ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ይህን ሁሉ «ቅናት» በምትል በአንዲት ቃል ይዘጉታል። ይህች ቃል ሥራ ታቀላለች፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ግን ትደባልቃለች። ስለ እመቤታችን ክብር የተነሣው ክርክር የሃይማኖት ክርክር ነው፤ በዚህ ነገር ዝም የሚል ካህን በማዕረጉ ሊቆም አይገባውም፤ ስለዚህም ከሳሾቹን አልነቅፍም። የምነቅፈው ሌላውን ነው። ክሱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ መልሱ ግን ለነቀምት ሰው በኦሮምኛ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

ይህንን የምለው ከውጭ ቆሜ አይደለም። እኔም ከቅኔ ቤት ወጥቼ ስሙን ወደማልጠራው የወለጋ ደብር በመጣሁ ጊዜ፣ በመጀመሪያው እሑድ በአማርኛ ረጅም ስብከት ሰበክሁ። ከፊት የቆሙ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲያዳምጡኝ ልቤ ሞላ። ከቅዳሴ በኋላ በአስተርጓሚ፣ «አባቴ፣ ከነገሩ የትኛውን ያዙ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አባ፣ ድምፅዎ መልካም ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ኦሮምኛ መማር የጀመርሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም ልጆቻቸው ያርሙኛል።

በኦሮምኛ ማስተማር የሌላ ወገን ልማድ ነው የሚል ቢኖር የቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስን ነገር ይመልከት። እርሳቸው የእኛው ክህነት የነበራቸው የሐማሴን ሰው ናቸው፤ ከኦነሲሞስ ቀድመው ወደ ቦጂ መጥተው ለሕዝቡ በኦሮምኛ ያነቡ ነበር። የሚስዮኑ ትምህርት እንደ ነካቸው አይካድም። በ1905 ቤት ሲቃጠል ሰው ሊያድኑ ገብተው ሞቱ። ዛሬ በኦሮምኛ ሲቀደስ ስሰማ እኒያን ቄስ አስባለሁ።

የዐፄ ምኒልክ ፍርድ ያመጣው ነገር ፈራጁም ከሳሹም ያሰቡት አይመስለኝም። ስብከት የተከለከሉት ሰው በትምህርት ቤት ተቀምጠው ፊደል አስቈጠሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን እንዲሰብኩ ቢፈቅዱላቸው፣ መጽሐፉን የሚያነቡ ልጆች አስቀድመው ነበሩ። ኦነሲሞስ በ1931 በነቀምት ዐረፉ።

ስለ መጽሐፉ ጽሕፈት አንድ ነገር ልጨምር። የታተመው በግእዝ ፊደል ነው። ኦሮምኛ ለብቻው የሆነ ድምፅ ስላለው ዸ የምትባል ፊደል ተበጅታለታለች፤ መልካም ብልሃት ነው። ነገር ግን ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። እኛ ገና ብለን ስንጽፍ የልደቱ በዓል ይሁን ያልደረሰ ጊዜ በአሳብ እንጂ በፊደል አይታወቅም። በኦሮምኛ ይህ ችግር ይበረታል። በዳ ተብሎ የተጻፈው ሲጠብቅ ደጋ ነው፤ ሲላላ ክፉ ነው። ቦና የሚለውም ድምፁ ሲያጥር በጋ፣ ሲረዝም ኵራት ይሆናል። ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው አይሳሳትም፤ እንደ እኔ በጕልምስና የተማረው ግን ደጋውን አገር ክፉ አገር ብሎ ለጉባኤ ያነባል፤ ደርሶብኛልና አውቀዋለሁ።

ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ርዝመቱና ጥብቀቱ ተለይቶአል፤ የ1899ኙን እትም ግን ብዙው ወጣት ሊያነበው አይችልም። ፊደሉን የሚያውቀው ዲያቆን ብዙ ጊዜ ቋንቋውን አያውቅም፤ ቋንቋውን የሚያውቀው ልጅ ፊደሉን አልቈጠረም። ሁለቱን በአንድ ወንበር አስቀምጦ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው «ይጥበቅ፣ ይላላ፣ ይርዘም» እያለ በየቃሉ ምልክት እንዲያኖር የሚያደርግ አንድ መምህር ቢገኝ፣ ሥራው ከፊልሞና መልእክት ቢጀመር መልካም ነው፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነውና።