እጅ የማይስተው ከየት ተምሮ ነው?

ታኅሣሥ 29 ማለዳ በላሊበላ ቤተ ማርያም፣ ካህናቱ ግማሾቹ ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለት አፋፍ ላይ ይደረደራሉ፤ ግማሾቹ ከታች ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን የገና መዝሙር ሲቀባበሉ ዙሪያው ሁሉ ዓለት ስለሆነ ድምፁ እየተመለሰ ይጋጫል፣ እልልታው ይደርብበታል። ጸናጽሉ ግን አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይቆማል።

እኔን የሚማርከኝ የእጅ አንጓቸው ነው። በጸናጽሉ ዘንጎች ላይ የተሰኩት ቅጠሎች ልቅ ናቸው። የሚጮኹት እጁ ተወርውሮ ሲገታና እነሱ ጠርዙን ሲመቱ ነው፤ ስለዚህ እጁ ከምቱ ጥቂት ቀድሞ መነሣት አለበት። ምቱን ሰምቶ የሚነሣ እጅ ዘግይቷል። የሠለጠነው መዘምር ክንዱን አያወናጭፍም፤ አንጓውን ሰበር ያደርግና ወዲያው ይይዘዋል።

ይህ ጥራት የሚገኘው ከአቋቋም ቤት፣ ማለትም ከማኅሌት ትምህርት ቤት ነው። አንዱ መዝሙር መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ያለ መሣሪያ፣ በጉሮሮ ብቻ። ቀጥሎ በዝማሜ፣ መቋሚያው ከዜማው ጋር እየወጣና እየወረደ። ከዚያ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገቡበታል፤ በጽፋት ጭብጨባው ታክሎ ይፈጥናል። ይህ የማኅሌት ሥርዐት ነው፤ ለኔ ግን ከማውቃቸው የልምምድ ስልቶች ሁሉ የላቀው ነው። ተማሪው ሲስት የኔታ ያስቆሙታል፤ የሳታትን ሐረግ እስክትቃና ያስደጋግሙታል። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት የሚነገረው የዜማ ምልክት፣ ድፋቱ፣ ደረቱ፣ ርክርኩ፣ ጆሮ አስቀድሞ የያዘውን ያስታውሳል እንጂ ብቻውን አያዘምርም።

ፒያኖ የሚማር ልጅም ቁልፍ የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ ጣቱ ከጆሮው ሲቀድም ነው። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖውንም የዜማውንም ዓለም ያውቁ ነበር፤ ካይሮ ውስጥ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተምረው፣ ወሎ ግሸን ማርያም መንነው ኖረዋል። በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ፒያኗቸውን በሸክላ ያስቀረጹትም ጎንደር ላይ ደጅ ሲያድሩ ያዩአቸውን የዜማ ተማሪዎች ለመርዳት ነበር።

እናንተ ፒያኖ የምታስተምሩ፣ እስቲ ልጁ ቁልፉን ከመንካቱ በፊት ዜማውን በቁሙ፣ በጉሮሮው ይበለው። የሳተባትን ቦታ ብቻ አውጡና በዝግታ አስደጋግሙት፤ ፍጥነቱን ለመጨረሻው አቆዩለት።