ዲዋና ደመወዟን የምትነግረው ሰው አልነበራትም

አገር ቤት «የሴት ዕድሜና የወንድ ደመወዝ አይጠየቅም» ይባላል። የሴት ደመወዝ አባባሉ ውስጥም የለችም። ኖሯት የሚጠይቃት ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረማ!

ባለፈው ዓርብ በሳቲን በተከራየናት ክፍል ስድስት ሆነን በአንድ ስልክ የቆየ ፊልም አየን። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በ1966 እ.ኤ.አ. የሠራው «ላ ኑዋር ደ…» ነው፤ «የእገሌ ጥቁር» እንደማለት። ንግግሩ ፈረንሳይኛ ቢሆንም ግማሹ ሳይተረጎም ይገባናል። ዲዋና ከዳካር አንቲብ የምትባል የፈረንሳይ ከተማ ትሄዳለች፣ ልጅ ልትጠብቅ። ስትደርስ አብሳይም አጣቢም ጠራጊም እሷው ሆና ታርፈዋለች። ለእናቷ የሚሄደውን ደብዳቤ እንኳ አሠሪዎቿ ናቸው በስሟ መጻፍ የሚጀምሩት።

እኔን የያዘኝ ግን የዳካሩ ክፍል ነው። ሥራ ፈላጊ ሴቶች አደባባይ ዳር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ማዳም መነጽሯን አድርጋ ስትመጣ ሁሉም ተነሥተው ይጋፋሉ፤ ዲዋና አልተጋፋችም፣ ማዳምም እሷን መረጠች። አብረውኝ ያሉት «ጨዋነቷ ጠቀማት» አሉ። እኔ እንደዛ አላየሁትም። እነዚያ ሴቶች እዚያ ዳር ስንት ሰዓት አብረው ሲቀመጡ «በስንት ነው የምንገባው?» ተባብለው ቢሆንስ? ሴምቤን ራሱ ማርሴይ ወደብ ላይ ሸክም የተሸከመ፣ የሠራተኛ ማኅበር አባል የነበረ ሰው ነው፤ ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ሆኖም አንቲብ ላይ ዲዋናን ብቻዋን አስቀመጣት። የምናደድበትም እዚህ ላይ ነው። ባልየው ገንዘብ ሲሰጣት ታለቅሳለች፤ ገንዘቡ ይብዛ ይነስ የምታመዛዝንበት አንዲት ሴት እንኳ አጠገቧ የለችም። ከዚያ ሞቷን አሳየን። ሞቷ ለፊልሙ ትልቅ ምልክት ሆኖለት ይሆናል፣ ለኛ ግን ምን ያደርግልናል?

የኔን ልንገራችሁ። እዚሁ ኤደን አንድ ቤት ሁለት ሆነን ሠርተናል፣ እኔ ልጆች ጋ፣ እሷ ወጥ ቤት። ማዳም ለየብቻችን ጠርታ «ላንቺ ጨምሬልሻለሁ፣ ለሷ እንዳትነግሪያት» ትለን ነበር። እኔ የምቀበለው በሳዑዲ ሪያል ነው፣ 500። እሷ በየመን ሪያል። ለ11 ወር አንዳችን የሌላዋን ሳናውቅ አንድ ትራስ ተጋራን። ያወቅነው ሐዋላ ቤት ሰልፍ ላይ ብሬን ስቆጥር ነው። አየችው። ከዚያ ቀን በኋላ አላናገረችኝም፤ ማዳምን ግን እንደወትሮው «እሺ» ትላት ነበር።

የየመን ሪያል ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከጦርነቱ በፊት ዶላር በ215 ገደማ ነበር፤ በ2025 ሐምሌ እዚህ ኤደን ወደ 2,800 ደርሶ፣ ትንሽ ቆይቶ 1,600 አካባቢ ተመለሰ። ስለዚህ ቁጥሩ ሳይቀነስ ደመወዟ በየወሩ ይቀነስባት ነበር። እኔም ነገሩ ሳይገባኝ ምስጢሬን እንደ ጌጥ ይዤ ኖርኩ።

መደበቅ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ዘመድ ሲሰማ «ላኪ» ይላል፣ ደላላ ሲሰማ ይቆርጣል፣ ዓይንም አለ። ግን ከአጎት ልጅ መደበቅና አጠገብሽ ከምትተኛው መደበቅ ምን አገናኘው? የፊሊፒንስ መንግሥት በ2006 እ.ኤ.አ. ለቤት ሠራተኛ ዝቅተኛውን 400 ዶላር ብሎ በይፋ አወጣ። ሁሏም ታገኘዋለች ማለት አይደለም፤ የጎደለባት ግን ስንት እንደጎደለባት ታውቃለች።

ፊልሙ እንዳለቀ ከሁላችን ታናሽ የሆነችው፣ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው፣ «እትዬ፣ አሁን የገባሽበት ቤት ስንት ይከፍሉሻል?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ነገርኳት። ምንም ሳትመልስልኝ ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ ሒሳብ ማሽኑን ከፍታ ማባዛት ጀመረች።